የአንቀጽ ሰባ አንድ ምክንያት

በ2079 ዓ.ም. በወይናምባ ክልል ሕግ መጻፍ የሰው ሥራ መሆኑ ከቀረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። የሚጽፈው አርቃቂው የተባለ ማሽን ነው። አርቃቂው ቢሮ የለውም፣ ደመወዝ የለውም፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ አይወጣም፤ ድምፁ የታረመ የሴት ድምፅ ሲሆን ትልቁንም ትንሹንም አንቱ ይላል። ቀደም ብሎ ሁለት ሕገ መንግሥት ጽፎ ነበር። አንድም ስሕተት አልተገኘባቸውም፣ አንድም ሰው አላነበባቸውም። በሦስተኛው ላይ ሕዝቡ "ይኼ የማን ሕግ ነው?" እያለ ስላስቸገረ አዲስ ደንብ ወጣ። በደንቡ መሠረት ማንኛውም አንቀጽ ምክንያት የሚሆነው አንድ እውነተኛ ታሪክ ከሌለው አይጸድቅም። ታሪኩን የሚናገረው ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው መሆን አለበት፤ ራሱ ያደረገው፣ ያየው ወይም በጆሮው የሰማው። አርቃቂው ሁሉም ነገር ሞልቶለት ያጣው ይኼንን ብቻ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ባለምክንያት ይባላሉ። ዘጠኝ ናቸው፤ የሚለዩትም በዕጣ ነው፣ ድሮ የኮንዶሚኒየም ቤት ይወጣ እንደነበረው። ያኔ ግን ዕጣው የደረሰው ሰው እልል ይል ነበር።

ስመኝ አጥናፉ ዕጣው ሲወጣባት ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጡረታ የወጣች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ዕድሜዋን ፋይል ስታወጣና ፋይል ስትመልስ የጨረሰች። የደረሳት ምዕራፍ ስድስት ነው፣ የአስፈጻሚው አካል። ጎረቤቶቿ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ በይ አደራ፣ ለሚቀጥሉት እንዳያስበላ አድርገሽ አስጽፊው" እያሉ ቀለዱባት። እሷም አብራ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል። ጡረታ ከወጣች ወዲህ አስተያየቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ጠዋት ከአውቶቡስ ወርዳ በሕገ መንግሥት ኮሚሽኑ ምድር ቤት ካሉት ጠባብ የመስተዋት ክፍሎች በአንዱ ትቀመጣለች። "እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ስመኝ" ይላል አርቃቂው። "ዛሬ ማን ምን ሆነ?" ትነግረዋለች። የነገረችው እስከ ምሳ ሰዓት አንቀጽ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ በየፌርማታው ሰሌዳና በየዳቦው ከረጢት ላይ ታትሞ ይወጣል፤ ከላይ አንቀጹ፣ ከሥሩ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ሥር ስሟ። እንዲህ ሆኖ ሰባት ቀን ይቆያል። በሰባቱ ቀን ውስጥ "ሐሰት ነው" የሚል ከመጣ አንቀጹ ይወድቃል፣ ቁጥሩም ባዶውን ይቀራል። ካልመጣ ለዘጠኙ ባለምክንያቶች ድምፅ ይቀርባል። የወይናምባ ሰው ማታ ዳቦ ገዝቶ ሲገባ የማያውቀውን ሰው ኃጢአት አብሮ ይዞ መግባት ለምዷል። ልጆች በከረጢቱ ማንበብ ይማሩበታል።

አንቀጽ ስልሳ ስድስት የእሷ ነው፤ ሹም ተቀምጦ ባለጉዳይን አቁሞ አያነጋግርም ይላል። ምክንያቱ እናቷ ናቸው። አንቀጽ ስልሳ ዘጠኝም የእሷ ነው። ሰባ አንድ ግን ምክንያት አጥቶ ሦስት ሳምንት ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስቱ የክልሉ አስፈጻሚዎች አይጽፉም፣ ይናገራሉ። መኪና ውስጥም ይናገራሉ፣ ሠርግ ቤትም ይናገራሉ፣ ገላቸውን እየታጠቡም ይናገራሉ፤ የተናገሩት ወዲያው ይፈጸማል። ባለፈው ሚያዝያ ታች ሰፈር ዘጠኝ ቀን ውሃ ጠፋ። ከሦስቱ አንዱ የሆነ ቦታ "ይቆይ" ብሎ ነበር። ማን እንዳለው አልታወቀም፣ ምን እንዲቆይ እንደፈለገም አልታወቀም፤ ምናልባት ስለ ምሳው ይሆናል። የሰፈሩ ሰው ተሰልፎ ሲጠይቅ መስኮቱ የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር፦ "ትዕዛዙ ተፈጽሟል።" በዘጠኙ ቀን ውስጥ ሁለት ጨቅላዎች ሞቱ። አንዷ የስመኝ እህት የልጅ ልጅ ነበረች።

አርቃቂው አንቀጹን በቃላት ደረጃ ከጨረሰው ቆይቷል፦ "በጽሑፍ ያልሰፈረና ያዘዘው ሰው ያልፈረመበት ቃል የአስፈጻሚው ትዕዛዝ አይሆንም፤ የፈጸመውም ታዝዤ ነው ብሎ አያመልጥም።" ያማረ አንቀጽ ነው። "አሁን ምክንያቱን ይንገሩኝ" ይላል በየማለዳው። "በቃል ሲታዘዝ በጆሮው የሰማ ሰው አለ?" የታች ሰፈር ሰው ውሃ መጥፋቱን እንጂ ትዕዛዙን አልሰማም። የሰሙት ሾፌሮችና ጸሐፊዎች አፋቸውን ለጉመዋል። ምዕራፉ የሚዘጋበት ቀን ደግሞ ደርሷል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስመኝ ተናገረች።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ" ብላ ጀመረች፤ ሰው ሙት ሊወቅስ ሲል እንደሚጀምረው። በ2046 የመሬት መዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩት አቶ ይልማ ጠርተው በቃል "የአቶ ክንዴን ፋይል የለም በይ" እንዳሏት፣ እሷም እሺ እንዳለች ነገረችው። አቶ ክንዴ አሥራ አንድ ወር ተመላለሱ። ካርታቸው ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። ሳይገኝ ካርታ ማቅረቢያው ቀን ደረሰና አፍራሽ ግብረ ኃይል መጥቶ ቤታቸውን አፈረሰው። በሁለት ዓመቱ ልጃቸው ቤት ተጠግተው ሞቱ።

"ትዕዛዙን በጆሮዎ ሰምተዋል?" አለ አርቃቂው።

"ሰምቻለሁ።"

"አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ስመኝ።"

አልሰማችም። አቶ ይልማ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ፋይሉ እውነት ነው፣ አሥራ አንዱ ወር እውነት ነው፣ የፈረሰው ቤት እውነት ነው። ትዕዛዝ ግን አልነበረም። የነበረችው ሃያ አምስት ዓመቷ የሆነ ስመኝ ናት።

ፋይሉ የተጠየቀ ዕለት ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሶ ነበር። ስመኝ ከጓደኛዋ ጋር ወሬ ይዛ ሰውን አስጠብቃለች። አቶ ክንዴ ተራቸው ሲደርስ ንዴታቸውን መዋጥ አቃታቸው። "አንቺ ልጅ፣ የሣጥን ቁልፍ ስለያዝሽ ንግሥት የሆንሽ መሰለሽ?" አሏት። ሰልፈኛው ሳቀ፣ ከኋላ አንዱ አጨበጨበ። ፊቷ ጋለ። "ፋይልዎ የለም" አለች። ፋይሉ በግራ ክንዷ ሥር ነበር።

በማግስቱ "ተገኘ" ልትል አስባ ነበር የመጣችው። ግን አቶ ይልማ ነገሩን ሰምተው ኖሮ ከእሷ ቀድመው ገብተዋል። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ መሰላል አስጠግተው፣ መደርደሪያውን ከጣሪያ ጀምረው አንድ በአንድ ያወርዳሉ። አቧራው ቅንድባቸው ላይ ተኝቷል። "የሰው ቤት ነው ልጄ፣ እንፈልግ" አሏት። ስመኝ መሰላሉን ያዘችላቸው። ከዚያ በኋላ እንዴት ብላ ትናገር? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንድ ቀን ያቃታት ቃል በሳምንቱ ደግሞ ከበዳት፤ በወሩ ጭራሽ የማይነሣ ሆነ። ፋይሉን የሌላ ወረዳ ሣጥን ውስጥ ሸጎጠችው፤ ወረቀት ሁሉ የተወገደ ጊዜ አብሮ ተወገደ።

አቶ ክንዴ ከሁለተኛው ወር ወዲህ ተለሳልሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ይቆማሉ። "እንደምን አደርሽ ልጄ፤ ዛሬስ?" ይላሉ። "የለም፣ አባባ" ትላለች። "እሺ፣ ይሁን" ብለው ይሄዳሉ። ስመኝ ይኼንን ለባሏም ነግራ አታውቅም።

ምክንያቱ የተለጠፈ ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ሰው ወንበር ለቀቀላት። አንዲት የታች ሰፈር ሴት እጇን ይዛ አለቀሰች። "አንጀታችንን አራስሽው፣ እታለም። እግዜር ይስጥልን" አለቻት። ስመኝ "አሜን" አለች። ምን ትበል።

ደንቡ የተበደለውን ወይም ወራሹን ይጠራል፤ ድምፅም ይሰጠዋል። ስለዚህ የአቶ ክንዴ ልጅ ውድነሽ መጣች። ሃምሳ የሞላት፣ ንግግር የማታበዛ መምህርት ናት። በየቀኑ መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የድምፅ መስጫውን ቀን ትጠብቃለች። ስመኝን ያየች ዕለት ተነሥታ ዝቅ ብላ ሰላም አለቻት።

"እትዬ ስመኝ፣ ቢያንስ እርስዎ ተናገሩልን" አለቻት። "አባቴ እስኪሞት 'እኔው አስቀይሜያቸው ይሆን?' እያለ ነበር። አለመሆኑን ማወቄ ትልቅ ነገር ነው።"

ስመኝ ከዚያ ወዲያ በሌላ በር መግባት ጀመረች።

አምስተኛው ቀን ላይ የአቶ ይልማ ሚስት መጡ። ወይዘሮ የሺመቤት ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ስመኝ በወጣትነቷ ስንት በዓል ቤታቸው በልታለች። የባላቸውን ስም ያነበቡት ከዳቦ ከረጢት ላይ ነው። ሐሰት ነው ሊሉ አልመጡም። ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው መጡ።

የኮሚሽኑ በር እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። "ድንጋይ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ እባክዎ ያስቀምጡት" አላቸው በትሕትና። ወይዘሮ የሺመቤት አላስቀመጡም። ይቅርታ ሊለምን የመጣ ሰው ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው፤ በር አይደለም። በሩ ደጋገመው፣ እሳቸውም አጎንብሰው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ጥበቃ የሚባል ሰው በሕንጻው ውስጥ አልነበረም። በመጨረሻ ውድነሽ አይታ ሮጠች። ስመኝ ሁሉንም በመስተዋቱ ውስጥ ታያለች።

"ያውርዱ፣ እማማ" አለች ውድነሽ፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ እያነሣች። "እርስዎ ምን አደረጉ? ያውርዱ።"

"ባሌ ነው፣ ልጄ። ሃምሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አላወቅኩትም። በእሱ ፈንታ ይቅር በይኝ።"

"ብያለሁ። ይቅር ብያለሁ።"

ወይዘሮ የሺመቤት ውስጥ ከገቡ በኋላ ስመኝን ፈልገው አገኟት። ጉንጯን ሁለቴ ሳሟት። "አንቺም ይቅር በይኝ፣ ስሙዬ" አሏት። "ውሸት በአፍሽ አስገብቶ ሠላሳ ሦስት ዓመት አስጨነቀሽ። በልጅነትሽ።"

ስመኝ መሬት ብትከፈትላት ትገባ ነበር። አሮጊቷ ዝምታዋን የቂም አድርገው ሳይወስዱት አልቀሩም፤ ትከሻዋን አሻሹላትና "ግድ የለም፣ ቀስ ብሎ ይወጣልሽ" ብለው ሄዱ።

ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። ለራሷ ብዙ ነገር ነገረች። ሙት ምን ይጎድልበታል አለች። ለሁለቱ ጨቅላዎች ነው አለች። አንቀጹ ትክክል እስከሆነ ድረስ መሠረቱ ምን ይሁን ምን አለች። ሁሉም ያስኬዳል። መሰላሉ ላይ የወጡት ሰውዬ ግን ከዓይኗ አልጠፉም።

በስድስተኛው ቀን የኮሚሽኑ ሰብሳቢ አቶ ሰናይ ዘንድ ገባች። አቶ ሰናይ ለብዙ ዓመት የአስፈጻሚዎች ዋና ጸሐፊ የነበሩ፣ ተናግረው የማይሳሳቱ ሰው ናቸው። ጨርሳ ስትነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"ወይዘሮ ስመኝ፣ ታች ሰፈር ስንት ሰው ይኖራል?"

"አርባ ሺህ ይላሉ።"

"አቶ ይልማስ ስንት ናቸው?"

"አንድ።"

"እሳቸውም አርፈዋል።"

"ሚስታቸው አላረፉም" አለች ስመኝ።

አቶ ሰናይ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እኔ የነገሩኝን አልሰማሁም" አሉ። "ነገ ድምፅ አለ። ዕረፍት ያድርጉ።"

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ከታች ሰፈር በአውቶቡስ የመጡ ሰዎች ከኋላ ቆመዋል፤ የስመኝ እህትም ከእነሱ መካከል አለች። ወይዘሮ የሺመቤት ከውድነሽ ጎን ተቀምጠዋል፣ ውድነሽ ክንዳቸውን ይዛለች። አርቃቂው አንቀጽ ሰባ አንድን አነበበ፣ ምክንያቱን አነበበ፣ በሰባት ቀን ውስጥ ተቃዋሚ አለመቅረቡን ተናገረ። "ወደ ድምፅ ከመሄዳችን በፊት የሚናገር አለ?" አለ።

ስመኝ ተነሣች። ያዘዛት ሰው እንዳልነበረ፣ ፋይሉም በራሷ ክንድ ሥር እንደነበረ ተናገረች። ማንም አልጮኸባትም። እህቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወይዘሮ የሺመቤት ክንዳቸውን ቀስ ብለው ከውድነሽ አስለቀቁና ተነሥተው ወጡ። ሲያልፉ የስመኝን ትከሻ ነክተው ይሁን ወይም ወንበሩን ተደግፈው ይሁን ስመኝ አላወቀችም። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

"አንቀጽ ሰባ አንድ ወድቋል" አለ አርቃቂው፣ ያው በለመደው ድምፅ። "ለአንቀጹ ሌላ እውነተኛ ምክንያት ያለው ሰው ካለ አሁን መናገር ይችላል። በቃል ሲታዘዝ በጆሮው የሰማ አለ?"

አዳራሹ ውስጥ ቢያንስ ሠላሳ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሁሉም ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አየ። አቶ ሰናይ የእስክሪብቶአቸውን ክዳን ከፈቱ፣ ገጠሙ፣ ከፈቱ። ከኋላ አንድ የታች ሰፈር ሽማግሌ "እንዴ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው?" አሉ። አርቃቂው ደንቡ የሚያዝዘውን አንድ ደቂቃ ጠብቆ ቁጥሩን ባዶ አድርጎ መዘገበው። ሰዎቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። የስመኝ እህት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወጣች።

"ወይዘሮ ስመኝ" አለ አርቃቂው ቀጥሎ፣ "አሁን የተናገሩት ራሱ እውነተኛ ምክንያት ነው። አንቀጽ ሊወጣው ይችላል። ጽፌዋለሁ፤ ላንብበው?"

መልሷን ሳይጠብቅ አነበበው። "አንቀጽ ሰባ ሁለት። የአስፈጻሚው አካል ሠራተኛ ለባለጉዳይ የተናገረውን ሐሰት በራሱ ፈቃድ ቢያርም፣ ስለ ማረሙ አይቀጣም፣ አይነቀፍም፤ የመመለሻ በሩም አይዘጋበትም።"

ባለምክንያቶቹ ተነቃነቁ። አንዱ ወጣት ሐኪም "ይኼ ጥሩ ነው" አለ። "ሰው የሚዋሸው መመለሻ አጥቶ ነው።" ሌላዋም ራሷን ነቀነቀች። አቶ ሰናይ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ከዚያ ቀን አንድ ነገር ይዘው የሚወጡ መሰላቸው። ደንቡ ስለሚፈቅድ ለዚሁ ተቀጽላ ሰባቱ ቀን ቀርቶ በዚያው ለድምፅ እንዲቀርብ አዘዙ። ስመኝም፣ እናስተባብል ማለት አይጠቅምም፣ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለል ሲልላት ተሰማት። ኀፍረቷ ለአንድ ሰው እንኳ ሊጠቅም ነው። ቢያንስ በሃያ አምስት ዓመቷ ይኼ አንቀጽ ቢኖር ኖሮ ብላ አሰበች።

ውድነሽ እጇን አወጣች። አርቃቂው "ወራሽ፣ ይናገሩ" አላት። ተነሥታ መጀመሪያ ወደ ስመኝ ዞረች። አልተቆጣችም፤ የምትናገረው ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቿ እንደምትናገረው ነበር፣ ቀስ ብላ።

"እትዬ ስመኝ፣ በሩን ማን ዘጋብዎት?" አለች። "አባቴ እኮ በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አሥራ አንድ ወር። ባርኔጣውን አውልቆ። አንድ ቀን፣ አንዱን ቀን ብቻ፣ 'ተገኘልዎ' ቢሉት ኖሮ እጅዎን ስሞ ነበር የሚሄደው። የት ነበር ብሎ እንኳ አይጠይቅዎትም ነበር።"

ተቀመጠች። አዳራሹ ውስጥ የቀረው ሰው ሁሉ ስመኝን ተመለከተ።

"የሚቃወም" አለ አርቃቂው።

የውድነሽ እጅ ብቻ ነበር ከፍ ያለው። ስመኝ ለአፍታ አየቻት። ከዚያም የራሷን እጅ አወጣች።